ገበያ ያበቀለው ድንች

ድንች ከመሬት በታች ማደጉ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ትልቅ ፈተና ነው። ጎመን ብቻ ተክዬ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ጎመን ካልበቀለ አልበቀለም፤ አላፊ አግዳሚው ያየዋል፤ ለመዋሸት እንኳ አይመችም። ድንች ግን ላዩ ከለመለመ የታቹን የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። ፈጣሪ ደግሞ እንደ ጎረቤት ወሬ አያወጣም።

በመጀመሪያ ስለ ራሴ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ጥፋቴን ለማቅለል ያህል። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ከተማ፣ አስፋልት ዳር ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። እኛ ቤት አፈር የሚታወቀው በጫማ ላይ ሲመጣ ነው፤ እሱንም እናታችን በር ላይ አስቁማ ታስራግፈናለች። አድጌ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሆንኩ። ጠዋት በሚኒባስ ቁልቁለቱን እወርዳለሁ፣ ሥራ ስጨርስ ዳገቱን እመለሳለሁ። ብሎን ብትሰጡኝ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በጣቴ ዳስሼ ቁጥሩን እነግራችኋለሁ። ከዚያ ውጭ እጄ ይህ ነው የሚባል ሙያ የለውም።

ባለቤቴ መዲና ግን የኩታበር ገበሬ ልጅ ናት። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ጓሮ ያለው ቤት ስንከራይ፣ መጀመሪያ ያየችው ቤቱን ሳይሆን ጓሮውን ነው። ዳሩ እሷ አስተማሪ ናት፤ ቀኑን ክፍል ውስጥ ቆማ ውላ፣ የቀረውን ሰዓት ደብተር ስታርም ነው የምታሳልፈው። እኔ ደግሞ አዲስ ሙሽራ ነኝ። አዲስ ሙሽራ የማይችለው ነገር የለም። "ጓሮውን ለእኔ ተዪው" አልኳት። ይህ የመጀመሪያው ውሸት መሆኑን ያኔ አላወቅኩም ነበር።

ጊዜው ሞባይል ከተማውን አዳርሶ ወደ ገጠር መውጣት የጀመረበት ነው። በመዲና አባት፣ በአባ ይመር ሰፈር፣ ስልክ የሚሰማው አንድ ኮረብታ ጫፍ ላይ ብቻ ነበር። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ የቀኙ ጨርሶ አያይም፤ ግራው ብርሃንና ጥላ ይለያል። እንዲህ ሆነው በየጁምዓው ከሶላት በኋላ ከዘራቸውን ይዘው፣ የጎረቤታቸውን ስልክ ተውሰው፣ ያንን ኮረብታ ይወጡና ይደውላሉ። ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ከዚህ ይሰማል። እንግዲህ ፍረዱ፤ ሽማግሌ ሰው ዳገት ወጥቶ ሲደውልላችሁ "ደህና ነን" ብላችሁ ትዘጉበታላችሁ? ለወጡበት ዳገት የሚመጥን ወሬ መስጠት ግድ ነው።

እኔ ደግሞ የነበረኝ ወሬ ድንች ብቻ ነበር።

"አማቼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ድንቹስ?" ይሉኛል። አንቱ ነው የሚሉኝ። በእነሱ ዘንድ አማች ይከበራል፤ በዕድሜ ልጅ ቢሆን እንኳ አንቱ ይባላል። ክብር መሆኑ ይገባኛል፤ ግን ሁልጊዜ እንግዳ ክፍል ውስጥ የተቀመጥኩ ያህል ይሰማኝ ነበር።

"አልሐምዱሊላህ፣ አባባ፤ ቅጠሉ ጉልበቴን አልፏል።" ይህ እውነት ነበር።

በሚቀጥለው ጁምዓ ወገቤ ደረሰ አልኩ። ይህም ቁጭ ካልኩ እውነት ነው።

"ሥሩስ?"

"ሥሩማ፣ መሬቱን መሰንጠቅ ጀምሯል።" ይህን የሰማሁት ማርቆስ ስለ ራሱ ድንች ሲያወራ ነው። ማርቆስ የአጥር ጎረቤቴና የፋብሪካ ባልደረባዬ ነው፤ ለሥራ ከወላይታ የመጣ፣ ጴንጤ፣ እጁ የነካው ሁሉ የሚያፈራ ሰው። የእሱን ድንች ታሪክ እኔ በስልክ ወደ ኩታበር አስተላልፍ ነበር ማለት ነው። መስከረም ሲጠባ "አንዱ ፍሬ ለሁለት ሰው ምሳ ይበቃል" እስከማለት ደርሼ ነበር።

በዚህ መሐል መዲና አባቷን ዓይንህን ታከም ብላ መለመን ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆኗታል። መልሳቸው አንድ ነበር፦ "እርሻዬን ለማን ጥዬ?" እውነቱ ሌላ ነው። ዓይን ላይ ምላጭ ይቀመጣል የሚባለውን ሰምተው ፈርተዋል። ፈራሁ ማለት ስለማይችሉ እርሻ አሉ። በዚያ ዓመት ጥቅምት ግን የዓይን ሐኪሞች ደሴ ሆስፒታል ውስጥ ሞራ ሊያነሱ መሆኑ ተሰማ፤ መዲናም ሮጣ ሄዳ ስማቸውን አስመዘገበች። የቀራት ባለስሙን ማምጣት ነው። ያን ጁምዓ ስልኩ ላይ ለመነች፣ አለቀሰች፣ ተቆጣች፤ አልሆነም። ስልኩን ወርውራልኝ ወደ ጓዳ ገባች።

እኔም እንዲህ አልኩ፦ "አባባ፣ እኔ እንኳ ስለ ሐኪሙ አይደለም። ድንቹን ብቻዬን ማውጣት አልቻልኩም። ፋብሪካው ፈቃድ አይሰጠኝም፤ መዲናም ሥራ ላይ ናት። የሚያውቅ ሰው አጣሁ።"

 መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

"ስንት መደብ ነው?" አሉ በመጨረሻ።

"አሥራ ሁለት።" አራት ነበር።

"ቆፋሪ ቀጥረው እንዳያስወጉት። እመጣለሁ።"

መዲና ከጓዳ ወጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔ ግን ስልኩን እንደያዝኩ ወደ ጓሮው ተመለከትኩ። ሰው ሲዋሽ ውሎ አድሮ ጉዱ እንደሚፈላ ያውቃል፤ የእኔ ግን ከነዶማው ሊመጣ ነው።

በማግስቱ ዶማ ይዤ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ግንድ ነቀልኩ። ከሥሩ የወጡት አምስት ነገሮች ናቸው፤ ድንች ብዬ ለመጥራት ይከብደኛል። ልጆች ለብይ ጨዋታ ቢያገኟቸው ደስ ይላቸው ነበር። ሁለተኛውን ነቀልኩ፤ የእነዚያው ወንድሞች። ሦስተኛው ሥር አንድ ትል ብቻ ተኝቶ ነበር፤ እሱ ወፍሯል።

ማርቆስ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ አየና "ምን አድርገህ ነው ወንድሜ?" አለኝ።

"ምንም። ስንከባከበው ነበር። በየሳምንቱ እየቆፈርኩ እድገቱን አየዋለሁ፤ አይቼም መልሼ እቀብረዋለሁ።"

ማርቆስ ለረጅም ጊዜ አየኝ። "በየሳምንቱ?"

"አንዳንዴ ሁለቴ።"

"ሕፃን በየሰዓቱ እየቀሰቀስክ 'አደግክ ወይ' ብትለው ያድጋል?" አለና ራሱን እየነቀነቀ ወደ ካሮቱ ተመለሰ።

ማታ ለመዲና ነገርኳት። እሷ ቀድሞም ጠርጥራለች። "እንግዲህ ሲመጣ እውነቱን እንነግረዋለን" አለች።

"ከነገርናቸው ቀጠሯቸውን ሳይጠብቁ ይመለሳሉ።"

"ይመለሳል" አለች፤ ዓይኗ ሞላ። "ግን አባቴን እንዳታሞኝብኝ። አያይም እንጂ ሞኝ አይደለም።"

አባ ይመር ማክሰኞ ዕለት ከሚኒባስ ወረዱ። የራሳቸውን ዶማ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለው እንደ ሕፃን አቅፈውት ነበር። ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ወደ ጓሮ ምሩኝ አሉ። ከዘራቸውን ይዘው በመደቡ ዳር መራመድ ጀመሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ከዚያ ከዘራው ቆርቆሮውን አጥር ኳ አደረገው። ቆም አሉ።

"አማቼ፣ አሥራ ሁለቱ መደብ በየት በኩል ነው?"

"እየሄዱበት ነው፣ አባባ።"

"አሁን አጥር ነካሁ።"

"የከተማ መደብ እንዲህ ነው፤ ጠበብ ይላል።"

"እንግዲህ ሁሉም እንደ አገሩ ነው" አሉ በትሕትና። መዲና በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን ነክሳለች።

ቀጠሯቸው በሳምንቱ ሐሙስ ነው። እስከዚያ ድረስ ዘጠኝ ቀን ማቆየት አለብን። እሳቸው ግን በማግስቱ ማለዳ ዶማቸውን ይዘው ተነሡ። "አፈሩ ገና እርጥብ ነው፣ አባባ" ብዬ አስቀመጥኳቸው። ሐሙስም እርጥብ ነው አልኩ። ጥቅምት ሙሉ ጠብታ አልወረደም፤ አቧራው አፍንጫ ይሰነፍጣል። እሳቸው መደቡ አጠገብ በርጩማ አስቀምጠው፣ የታመመ ሰው እንደሚጠይቅ ሰው እዚያው ቁጭ ብለው ይውላሉ። አልፎ አልፎ የደረቀውን ግንድ ይዳብሳሉ።

አርብ ለቅድመ ምርመራ ከመዲና ጋር ሄዱ። እኔ ለፋብሪካው ሆዴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። ይኸውላችሁ፣ አንድ ውሸት ብቻውን መኖር ስለማይችል ቤተሰብ ይመሠርታል። ገበያ ሄጄ ድንች የምትሸጥ አንዲት ሴትዮ አገኘሁ። ድንቿ አፈሩን እንደለበሰ ነው፤ የፈለግኩትም ይህንኑ ነው። አንድ ጆንያ ሙሉ ገዛሁ። ሴትዮዋ ደስ ብሏት ከላይ ምርቃት ጨመረችልኝ፤ ምን እንደሆነ ልብ አላልኩም፤ ቸኩያለሁ። በባጃጅ ጭኜ ቤት ገባሁና መቅበር ጀመርኩ።

ለካ ለመቅበርም ሙያ ይጠይቃል። በየግንዱ ሥር ጉድጓድ እየማስኩ፣ የራሴን ብይ የሚያክል ድንች በጣሳ እየሰበሰብኩ፣ በቦታው አሥር አሥር ፍሬ እከት ነበር።

"ምን እየተከልክ ነው?" አለ የማርቆስ ድምፅ ከአጥሩ ወዲያ። የማታ ፈረቃ ስለነበረ ቤት ነበር።

"አልተከልኩም። ነገ ለማውጣት እያዘጋጀሁ ነው።"

ማርቆስ ጆንያውን አየ፣ ጉድጓዱን አየ፣ እኔን አየ። ገባው። "ወንድሜ፣ እኔ በዚህ ነገር ውስጥ የለሁም። ሽማግሌው ከጠየቁኝ መዋሸት አልችልም።"

"አትዋሽ። ዝም በል።"

"ዝምታም አንዳንዴ..." ብሎ ጀመረና ዓይኑ ጉድጓዱ ላይ ቀረ። ከዚያ ፊቱ እንደተቸገረ ሰው ተጨማደደ። "አሥር ፍሬ በአንድ ሥር? እንዲህ ተከማችቶ? ከግንዱ ራቅ፣ ግራና ቀኝ በተን በተን ይላል እኮ።"

"እንዴት?"

 ለራሱ "ድንች መትከል ኃጢአት አይደለም" አለና አጥሩን ዘሎ ገባ። እጅጌውን ሰብስቦ አራቱንም መደብ አስተካከለልኝ፤ ትልቅ ከትንሽ እያቀላቀለ፣ አንዳንዱን ጥልቅ፣ አንዳንዱን ላይ ላዩን እያደረገ፣ አፈሩንም በቅጠል እየጠረገ። ሲጨርስ "ከዚህ በኋላ ያለው የራስህ ነው" ብሎ እጁን ታጠበ።

ቅዳሜ ጠዋት አባ ይመር "ዛሬም እርጥብ ነው?" ሲሉኝ "ደርቋል፣ አባባ" አልኩ። "ቢስሚላህ" ብለው ገቡ። መዲና ቅርጫት ይዛ ከኋላቸው ናት። ማርቆስን አባ ይመር ራሳቸው "ጎረቤትም ይምጣ፣ በረካ ነው" ብለው አስጠሩት።

እንዴት እንደሚቆፍሩ ማየት ነበረባችሁ። ዶማው ከግንዱ አንድ ክንድ ርቆ ያርፋል፤ አንዴ ፈንቀል ያደርጉታል፤ ከዚያ ተንበርክከው በእጃቸው አፈሩን ይፈለፍላሉ። አንድም ፍሬ አልተወጋባቸውም። መጀመሪያው ግንድ ሥር ስድስት ትልልቅ ድንች ወጣ። መዲና ድንቹን አየችና ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ያን አስተያየት ተማሪዎቿ በደንብ ያውቁታል። እኔ ሰማይ ሰማዩን አየሁ።

"ማሻአላህ" አሉ አባ ይመር። አንዱን ፍሬ አንስተው ጨበጥ አደረጉት፤ በአውራ ጣታቸው በድንቹ ዓይን፣ በዚያች ጎድጓዳ ቦታ የገባውን አፈር ፈልቅቀው በሁለት ጣታቸው አሹት። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ከዚያ ቅርጫት ውስጥ ጣሉትና ወደሚቀጥለው አለፉ። ሁለተኛውም ላይ እንዲሁ አደረጉ። ሦስተኛውም ላይ። 

አምስተኛው ግንድ ሥር እጃቸውን ሰደው አንድ ነገር ያዙ፤ ዳሰሱት፤ ቅርፊቱ በጣታቸው መሐል ተንኮሻኮሸ። አሸተቱት። እኔም አየሁት፤ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት ነው። የሴትዮዋ ምርቃት።

 ማርቆስን ጉሮሮውን እህል እንደያዘው ሰው ሳል ያዘው፤ እያሳለ ወደ ቤቱ ሄደ፤ በዚያው ቀረ።

አባ ይመር ሽንኩርቱን ቀስ ብለው ኮታቸው ኪስ ከተቱት። "መዲናዬ" አሉ፣ "ከዚህ ጥቂት ወስደሽ ቀቅዪልን። አዝመራ ሲወጣ መቅመስ ነው።" መዲና ቅርጫቱን ይዛ ገባች። ሽንኩርቱን የደበቁት፣ እሷንም ወደ ውስጥ የላኳት፣ በባሏ እንዳታፍር መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። እሷም ማወቋን ለእሳቸው ስትል ደብቃለች።

ሁለታችን ቀረን። እሳቸው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

"አማቼ፣ የዚህ ጓሮ አፈር ዋልካ ነው። ይጣበቃል፤ ሲደርቅም እንደ ሸክላ ይሆናል። በእነዚህ ድንቾች ዓይን ውስጥ ያለው አፈር ግን ሸካራ ነው፤ ደቃቅ ጠጠር አለበት። ይህ የእኛ አገር አፈር ነው። ስድሳ ዓመት ጥፍሬ ውስጥ ኖሯል። ከማን ገዙት?"

በብሎን ስሜን የማስጠራ ሰው ነኝ፤ የጣት ዕውቀት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ክጄ ምን አመጣለሁ? "ከገበያ፣ አባባ" አልኩ።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ይሳደቡ ይሆናል አልኩ። እሳቸው ግን ጉልበታቸው ላይ የተረፈውን አፈር እያራገፉ፣ በጣም በቀስታ "ሰው አጣሁ ሲሉኝ፣ የማስፈልገው ሰው አለ ብዬ መጣሁ" አሉ። "በሽተኛ ሆኜ መምጣት አልፈለግኩም ነበር። ለሥራ ተጠራሁ ብዬ ሰፈሩን ሁሉ ተሰናብቼ መጣሁ።"

ዶማቸውን በጋቢው መጠቅለል ጀመሩ። "ነገ መኪና አሳፍሩኝ።"

ድንጋጤ አንዳንዴ ሰውን አስተዋይ ያደርገዋል፤ ባይሆንም ለአንድ አፍታ ሐቀኛ ያደርገዋል። ጓዳ ገባሁና ከውኃ ማሰሮው ኋላ የደበቅኳትን ጣሳ አመጣሁ። የእኔ አዝመራ በሙሉ በአንዲት የቲማቲም ጣሳ ገብቶ ቦታ ተርፎታል። እጃቸው ላይ ዘረገፍኩት።

"ምንድን ነው ይህ?"

"የእኔ ድንች ነው፣ አባባ። እውነተኛው። ከአራቱም መደብ የወጣው ይኸው ነው።"

አንድ በአንድ ዳሰሷቸው። "ምን ነክቶት ነው?"

"እኔ ነክቼው ነው። በየሳምንቱ እየቆፈርኩ አየው ነበር። ሰው አጣሁ ያልኩት ውሸት አልነበረም። መደቡን በቁጥር ዋሽቻለሁ፤ ድንቹን በስልክ አሳድጌያለሁ፤ ሰው ማጣቴ ግን እውነት ነው። ምንም አላውቅም።"

"በየሳምንቱ?"

"አንዳንዴ ሁለቴ።"

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መሰለኝ። ቀና ሲሉ ግን እየሳቁ ነው፤ ጥርስ በሌለበት ድዳቸው፣ ድምፅ ሳያወጡ፣ እንባቸው በዚያ ሞራ በሸፈነው ዓይናቸው ላይ እየወረደ። "ያ ረቢ" ይላሉ፣ አንዷን ብይ በሁለት ጣታቸው ይዘው። "ያ ረቢ። በል እጅህን አምጣ፤ አንተ ልጅ፣ እጅህን አምጣ።"

አንተ አሉኝ። ሳላስበው እጄን ሰጠኋቸው። መዳፌን ገለበጡና ዳበሱት። "ይህ እጅ ዶማ ይዞ አያውቅም" አሉ። "አብሽር። ይማራል።"

እዚያው እንደተቀመጡ ፈረዱ። ለድንች ጊዜው አልፏል፤ መሬቱ ግን ባዶውን አይከርምም። የደረቀው ግንድና በአጥሩ ሥር የቀረው የበቆሎ አገዳ ተለቅሞ ይወጣል፤ የበሰበሰ ፍግ ገብቶበት ይገለበጣል፤ ከዚያ ነጭ ሽንኩርት ይተከልበታል። "ነጭ ሽንኩርቱ በቅሎ እስካይ ድረስ እቆያለሁ" አሉ። "ሲበቅል እሄዳለሁ። ሰው ቤት ተጋድሞ መክረም አይሆንልኝም።"

መዲና የተቀቀለውን ድንች ይዛ ስትወጣ ይህን ሰማች። "በቅሎ ለማየት እኮ ዓይን ያስፈልጋል፣ አባ" አለች፣ ሳህኑን እያስቀመጠች።

አባ ይመር አንድ ድንች አንስተው ላጡ። ሲያላምጡ ቆዩ። "ሐሙስ ነው አይደል ያልሽው?" አሉ።

እስከ ሐሙስ ድረስ እጄ አራት ቦታ ተላጠ። ከፋብሪካ ስመለስ በሩ ላይ ዶማ ይጠብቀኛል። ፍግ ትኩስ ሲሆንና ሲበስል ሽታው እንደሚለያይ ተማርኩ፤ ተማርኩ ስል አፍንጫዬን ይዘው አስጠጉኝ ማለቴ ነው። ለከርሞ ዘር የዱባ ፍሬ አጥበን ቆርቆሮ ላይ አሰጣን። በአጥሩ ጥግ ያለውን ጎመን ውርጭ እንዳይመታው የሚያለብሱበትን አሮጌ ጆንያ ስፋልኝ አሉ፤ የልብስ ሰፊ ልጅነቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝና ቀጥ ባለ ስፌት ሰፍቼ ስሰጣቸው በጣታቸው ዳስሰው "ይህን ታውቃለህ" አሉኝ። ያን ቀን ራት በደንብ በላሁ። ማርቆስ ለዘር የሚሆን ነጭ ሽንኩርት ይዞ መጣ፤ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲጀምር አባ ይመር "ድንቹን የደለደልከው አንተ ነህ አይደል?" አሉት። ማርቆስ መሬት መሬት እያየ "አዎ" አለ። "ጥሩ አደላደል ነበር፤ አማቼ ብቻውን ቢሆን በመጀመሪያው ግንድ ነበር የሚያዝ" አሉት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ወዳጆች ሆኑ፤ እሱ መዝሙሩን እያንጎራጎረ፣ እሳቸው ሱብሐነላህ እያሉ፣ ስለ ድንችና ስለ ስኳር ድንች ሲከራከሩ ይውሉ ነበር።

ሐሙስ ሆስፒታል ገቡ። ያ ሁሉ ፍርሃት ለሻይ ማፍያ የማይበቃ ጊዜ ነው የፈጀው። በማግስቱ ጠዋት ነርሷ ፋሻውን ስታነሣ እኔና መዲና ፊት ለፊታቸው ቆመን ነበር። የታከመው የግራ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ያነባል፤ ተከፈተ፣ ተከደነ፣ እንደገና ተከፈተ። መዲናን አዩ።  እጃቸውን ዘርግተው ሻሿ ሥር የወጣችውን ጥቂት ፀጉር መለስ አደረጉላት። "እናትሽን መስለሻል" አሉ።

ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። እንደገና አዩኝ።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ፣ አባባ።"

"በድምፅህ ወፍራም ሰው ትመስለኝ ነበር" አሉ፣ ትንሽ ቅር ያላቸው ይመስላል። መዲና እያለቀሰች ሳቀች።

ቤት ስንመለስ ነጭ ሽንኩርቱን በራሳቸው ዓይን እያዩ ተከሉት። ገመድ ወጥረው፣ አንድ አንድ ጣት ጥልቀት፣ ጫፉን ወደ ላይ እያደረጉ፤ እኔም ከኋላቸው እየተከተልኩ አፈር አለበስኩ። "በሁለት ሳምንት ብቅ ይላል" አሉ። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ሁለት ሳምንት የሚባል ነገር ገባበት። መዲና አባቷ የሚወዱትን ሁሉ መሥራት ጀመረች፤ ቀን የምትቆጥር ሰው ትመስል ነበር። እሳቸውም በየጠዋቱ ከሶላት በኋላ ወደ ጓሮ ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ። "እህስ፣ አባ?" ትላቸዋለች። "ገና ነው" ይላሉ። ሁለት ሳምንት ሞላ፤ ገና ነው። ሦስተኛውም ተጋመሰ፤ ገና ነው። እኔ ዘሩን ጠረጠርኩ። ከዚያም፣ ልማድ ነውና፣ ራሴን ጠረጠርኩ።

አንድ ቀን በኅዳር መጨረሻ ፋብሪካው መብራት ጠፍቶበት ከቀትር በፊት ለቀቁን። ቤት ስገባ ሰው አልነበረም። በጓዳው በኩል ወደ ጓሮ ልወጣ ስል አባ ይመርን አየኋቸው። መደቡ መሐል ተንበርክከዋል። አረም የሚያርሙ መሰለኝ። ጠጋ ብዬ ስመለከት በመስመሩ ሁሉ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ የሾሉ አረንጓዴ ቡቃያዎች ወጥተዋል፤ አንድም አልቀረም። እሳቸው ከዳር ጀምረው፣ ከየቡቃያው ጎን ለስላሳ አፈር እየቆነጠሩ፣ እንዳይሰበር እየተጠነቀቁ፣ አንድ በአንድ ያለብሷቸዋል። አንዱን ሲጨርሱ መዳፋቸውን ከላይ አሳርፈው ያስተካክሉና ወደሚቀጥለው ይንፏቀቃሉ።

ወደ ኋላ ተመለስኩ። የግቢውን በር ከፍቼ፣ በኃይል ዘጋሁና ጫማዬን እየጎተትኩ መጣሁ። ስደርስ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ያራግፋሉ።

"አባባ፣ ነጭ ሽንኩርቱስ?" አልኳቸው።

መደቡን ዞር ብለው አዩት። "ገና ነው" አሉ። "የደሴ ብርድ ያዘገየዋል።"

"እሱስ ብርዱ ዘንድሮ ጠንክሯል" አልኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ከሰዓት መዲና ከትምህርት ቤት ስትመለስ በመደቡ ዳር አለፈች። ቆም ብላ አፈሩን አየች፤ ከዚያ የአባቷን ጥፍር አየች። ገብታ ሽሮ ጣደች።

ያ ነጭ ሽንኩርት እስከ ጥር ድረስ አልበቀለም።